ሁለቱን እጅ የሚያሳይ

ግራጫው ይሻላል ወይስ ጥቁሩ? ሸጋዬ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ፣ ሰውነቷን ታጥባ፣ ትሪሱን፣ የመስኮቱን ተጠቅላይ መዝጊያ፣ እስከ ታች አውርዳ አልጋዋ ላይ ከወጣች ቆየች፤ እንቅልፍ ግን ደጃፍ ድረስ እየመጣ ይመለሳል። ውጪው ጠዋት ነው። አውቶቡሱ ከአፉላ መሀል ከተማ ወደ ሰፈሯ፣ የጊቫት ሃሞሬን ዳገት፣ እያቃሰተ ሲወጣ ትሰማዋለች፣ ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ ልጇን ጫማህን አድርግ እያለች ትጨቃጨቃለች፣ በትሪሱ ሽንቁር የሾለከው ብርሃን ግድግዳው ላይ ተርታውን ይዞ ቆሟል፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነችም ገለጠችም የሚታያት በዚያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ትንንሽ ታብሌቶች ናቸው። ግራጫው ስስ ነው፣ ስክሪኑ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ፊትን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ። ጥቁሩ ደንደን ያለ፣ ጠርዙ የሰፋ፣ ሲነኩት አሰብ አድርጎ የሚታዘዝ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም በሱቁ ካሉት ሁሉ ርካሾች ናቸውና በዋጋ መምረጥ አይቻልም። ትናንት ሥራ ከመግባቷ በፊት አንዱን እያነሣች ሌላውን እያስቀመጠች ቆይታ ሳትወስን ወጣች፤ ሌሊቱን ሙሉ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ተቀምጣ የእርጎ ክዳን ስትመረምር አንዱ ክዳን ግራጫ፣ አንዱ ክዳን ጥቁር እየሆነ አለፈባት። ዛሬ መወሰን አለባት። ጎረቤቷ አያ ውበቱ ነገ ወደ ጎንደር ይበርራሉ፤ ታብሌቱን ለታንጉ የሚያደርሱላት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ካለፏት ሌላ ሰው እስኪገኝ ስንት ወር እንደሚሄድ ማን ያውቃል፣ ታንጉ ደግሞ ወር የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

ታንጉ ታናሽ እህቷ ናት። ገና ጡት ሳትጥል ትኩሳት ያዛትና ሳምንት ሙሉ እንደ ፍም ነደደች፤ ዳነች ተብሎ ቤቱ ሁሉ ደስ ሲለው እንስራ ከምድጃው አጠገብ ወድቆ ተፈረካከሰ፣ ውሻው ተነሥቶ ሮጠ፣ ታንጉ ግን ዞራ አላየችም። እናታቸው ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያስተምራቸው ሦስቱ በእጅ መነጋገር ጀመሩ። አውራ ጣት ከጉሮሮ ወደ ታች ሲወርድ ውሃ ነው። ሁለት ጣት አንገት ላይ በንቅሳቱ መስመር ሲሄድ እናት ነው። ሸጋዬ ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ ስሟ ጥፍር በፊት ጥርስ ላይ መንካት ሆነ። ቀን በቀን አንድ ቃል፣ አንድ ቀን ሁለት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ለሦስት ሰው የሚበቃ ቋንቋ ሆነ። ጎረቤት ሲያያቸው ይስቃል፤ እነሱም በጎረቤቱ ይስቃሉ፣ እሱ ግን በእሱ መሣቃቸውን አያውቅም። አሁን ሸጋዬ ትራሱ ላይ ተጋድማ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ትሞክራለች፤ ማረሻ፣ ብርድ፣ ቀበጥ፣ ተይኝ። ጣቶቿ አልረሱም። የሚያነጋግሩት ሰው አጡ እንጂ።

ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግሩ ወደ ሱዳን የሚሄደው ሰው የሚጓዘው በሌሊት ነበር። ሸጋዬ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ታንጉ አሥር። አጎታቸው እናታቸውን ከደጅ ጠርቶ እንዲህ ሲል ትሰማዋለች፤ ዛሬም አልጋው ሥር ተቀምጦ የሚናገር ይመስል ትሰማዋለች፤ «ይህች ልጅ ድምጿን አታውቀውም። በጨለማ ስትደነግጥ ትጮኻለች። ዝም በይ ቢሏት አትሰማ። ሽፍታ ትጠራብናለች፣ ሁላችንን ታስፈጀናለች።» እናታቸው አልተከራከረችውም። «እንግዲያው ሸጋዬን ውሰዳት» አለች፣ «እኔ ከታንጉ ጋር እቀራለሁ።» በኋላ ሰዉ ሁሉ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጫን እናትየው ጎንደር ታማ ተኝታ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ዛሬ ነገ ሲባል፣ ወረቀት ሲሄድ ወረቀት ሲመለስ ዕድሜ አለቀ። ሸጋዬ ሁለት ጊዜ ሄዳ አይታቸዋለች። ማንም ጥፋተኛ ናት አላላትም። እሷም በቀን ብርሃን ስታስበው ምን ላደርግ እችል ነበር ትላለች፤ ነገር ግን ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ዕዳ እንዳለበት ሆኖ መኖር ይችላል፣ እሷ በዚህ ሁኔታ አርባ ዓመት ኖራለች፣ አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ ሳትወልድ አርጅታለች፣ በየሳምንቱ ዓርብ ደግሞ ከሰንበት መግቢያ በፊት ጎንደር ደውላለች።

ስልኩ ታንጉ ዘንድ ይደርስ የነበረው በእናታቸው በኩል ነው። «ታንጉ ምን አለች?» ትላለች ሸጋዬ። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ሸጋዬ ያን ዝምታ ትወደው ነበር፣ እናቷ እጇን እያንቀሳቀሰች መሆኑን ታውቃለችና። ከዚያ «ጸጉሯን አሳጠረችው ወይ ትልሻለች፣ ካሳጠረችው ሳታየኝ ለምን ትላለች» ትላለች እናቷ እየሳቀች። ሰኔ መግቢያ ላይ እናትየው ሞተች። ሸጋዬ እግሯ ላይ ደም ረግቶ ሐኪሙ እስከ ዛሬ ድረስ አውሮፕላን ስለከለከላት ቀብሯ ላይ አልቆመችም፤ እዚሁ አፉላ ፍራሽ ዘርግታ ተቀመጠች። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ወደ ሥራ ተመለሰች፣ ዓርብ ሲመጣ ስልኩን አነሣች፣ ቁጥሩንም ደወለች፤ ከዚያ ነው የሆነው ነገር ሁሉ የገባት። ያነሣችው እነታንጉ ተከራይተው የሚኖሩበት ግቢ ባለቤት አጋረደች ናት። አጋረደች መልካም ሴት ናት፤ ግን የታንጉን እጅ አታውቀውም። በዓለም ላይ ያን ቋንቋ የሚያውቅ ከታንጉ ሌላ አንድ ሰው ቀርቷል፣ እሱም ጊቫት ሃሞሬ ላይ ስልክ ይዞ ቆሟል።

«እኔስ ጨነቀኝ ሸጋዬ» አለቻት አጋረደች ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ። «ቀኑን ሙሉ እጇን ስታወናጭፍ ትውላለች። ደረቷን ትመታለች፣ አልጋውን ታሳየኛለች፣ ከዚያ ልብሴን ይዛ ትጎትተኛለች። ምን ልበላት?»

«ልትነግርሽ ነው።»

«ምንድን ነው የምትነግረኝ? ሰው እኮ አበደች እያለ ነው። ያን ቀንም ከሬሳው ጋር ተቃቅፋ ነው ያገኘናት፣ ፀሐይ ወጥቶ። መሞቷንም አላወቀች፣ ምስኪን። እስቲ ጸበል እንውሰዳት ይላሉ ጎረቤቶቹ፣ እዚያ ሰንሰለትም አላቸው፣ አትጠፋም ይላሉ።»

«የትም እንዳትወስጃት» አለች ሸጋዬ። «አደራ። እኔ እስካናግራት ድረስ ማንም አይንካት።»

እንዴት እንደምታናግራት ግን አላወቀችም። አጋረደች በልጇ ስልክ በምስል ደወለችላት። ስልኩ ትንሽ ነው፣ መስታወቱም ተሰንጥቋል። አጋረደች ስትይዘው የታንጉ ግንባር ይታያል፣ ከዚያ አገጯ፣ ከዚያ የቆርቆሮው ጣሪያ፤ ታንጉ ራሷ ስትይዘው ደግሞ አንድ እጇ ስልኩን ይዞ በአንድ እጇ ብቻ ትናገራለች፤ ያም ግማሽ ቃል ነው፣ ግማሽ ቃል ደግሞ ከዝምታ የባሰ ነው። ታንጉ ተናዳ ስልኩን አስቀመጠችው። ምስሉ ሰማይ ብቻ ሆነ። ሸጋዬ ያን ሰማይ እያየች ቆየችና የሚያስፈልገው ነገር ገባት፤ በራሱ እግር የሚቆም፣ ሰፋ ያለ፣ ሁለቱን እጅ የሚያሳይ። በማግሥቱ ፋብሪካ ውስጥ አብረዋት የሚቀመጡትን ሴቶች ጠየቀች፣ ትንሽ ታብሌት በማቆሚያ ይበቃሻል አሏት።

ስልኳ ትራሷ ሥር ነዘረ። አያ ውበቱ ናቸው።

«ሸጋዬ፣ ተኝተሽ ነው?»

«አልተኛሁም አያ ውበቱ።»

«ነገ ነው የምወጣ። ሻንጣየን ዛሬ ወደ ማታ እዘጋለሁ ብየ ነው።»

«ሳይዘጉት እደርሳለሁ።»

ተነሣች። እንቅልፍ ካልመጣ አይጠበቅም። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ አሸችው፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠባብ ካልሲ እየታገለች እግሯ ላይ አወጣች፣ በአውቶቡሱም ወደ መሀል ከተማ መውረድ ጀመረች። በመስኮቱ የሸለቆው እርሻ ታርሶ ተኝቷል፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሁልጊዜ ይህን አፈር ስታይ የእናቷ ማሳ ይመስላታል፣ ዛሬ ግን አታየውም። ግራጫው ፊትን ቁልጭ ያደርጋል። ጥቁሩ ሲም ካርድ ይገባዋል ብሎኛል ያ ሻጩ ልጅ፣ ወይስ ግራጫው ነው? ለእኔ ማየት ይበልጣል ወይስ ለእሷ? ቆይ፣ ስክሪኑ ለታንጉ ነው፣ እኔን የምታይበት፤ ካሜራው ግን ለእኔ ነው፣ እሷን የማይበት። እንዲህ ብላ አስባው አታውቅም ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ሽማግሌ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ሲንቀሳቀሱ አይቶ ጸሎት ላይ ያለች መስሎት ፊቱን መለሰ።

ሻጩ ኤይታን ይባላል፣ ስሙ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፤ ጢሙን ያሳደገ፣ ዕድሜው ከሠላሳ የማይዘል፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። ሲያያት አወቃት። በዕብራይስጥ ነው የሚነጋገሩት።

«ተመለስሽ። ለልጅ ልጅሽ ነው?»

«ለእህቴ ነው። ኢትዮጵያ ናት።»

«ፊልም ታይበታለች? ትጫወትበታለች?»

«ትናገርበታለች።»

«እንግዲያ ግራጫውን ውሰጂ፣ ድምፁም የተሻለ ነው።»

«ድምፅ አያስፈልጋትም። እህቴ አትሰማም። በእጇ ነው የምትናገረው፣ እኔ ደግሞ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማየት አለብኝ።» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «በዚህኛው ወደ ስልኬ ደውልና ፊቱ ቁም። የማሳይህን በእጅህ አድርግ።»

ኤይታን ዙሪያውን ተመለከተ። ሁለት ደንበኞች ስልክ መሸፈኛ እየመረጡ ነው። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀና ግራጫውን ማቆሚያው ላይ አቁሞ ፊት ለፊቱ ቆመ። ሸጋዬ ውሃ የሚለውን አሳየችው፣ ጠጣ የሚለውን አሳየችው፣ እናት የሚለውን፣ ተኛ የሚለውን። እሱ እንደ አዲስ ወታደር ጠንክሮ ያደርገዋል። እሷ ወደ መደርደሪያው ጫፍ ሄዳ ስልኳን ታያለች። ጣቶቹ አምስቱም ይቆጠራሉ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ቀለበት ሳይቀር ይታያል። ቀጥሎ ጥቁሩን አቆመ፣ ያንኑ ደገመ። እጁ ሲንቀሳቀስ እንደ ጭስ ተጎተተ፤ ጣቶቹ ተጣበቁ፣ ውሃውና ጠጣው አንድ ላይ ፈሰሱ።

«አየሽ» አለ ኤይታን። «ጥቁሩ የድሮ ነው። አልደብቅሽም።»

«ግራጫው ሲም ካርድ ይገባዋል?»

«አይገባውም። ዋይፋይ ብቻ።»

ዋይፋይ። እነታንጉ ግቢ ዋይፋይ የለም። እንግዲያ ከአጋረደች ልጅ ስልክ መዋስ ነው፤ ታንጉ መናገር ሲያምራት ታብሌቷን አቅፋ ወደ አጋረደች በር ትሄዳለች፣ ታንኳኳለች፣ ትጠብቃለች፣ ልጁ የለም፣ ካርድ አልቋል፣ ነገ ነይ፣ ያም ቢሆን በእጅ ሊነግሯት አይችሉምና በሩን ይዘጉባታል። እናቷ በነበረች ጊዜ እንኳ እንዲያው ነበር፤ ሸጋዬ ስትደውል ነው ታንጉ የምትናገረው። ታንጉ በሃምሳ ዓመቷ ማንንም ጠርታ አታውቅም። ሰው ከሩቅ ሲያልፍ ስሙን አትጠራም፣ ብትወድቅ ድረሱልኝ አትልም፣ ልብስ ጎትታ፣ ትከሻ ነክታ፣ ሰው ዞሮ እስኪያያት ቆማ የምትጠብቅ እሷ ናት። ሸጋዬ ይህን ስታስብ እጇ ጥቁሩ ላይ ነበር፣ ሳታውቀው ነው ያነሣችው። ጥርት ያለው ለእኔ ነው፣ አለች በልቧ። መጥራት ግን ለእሷ ነው።

«ሲደወልስ? አትሰማም አልኩህ።»

ኤይታን ጥቁሩን ተቀብሎ ገልብጦ አሳያት፤ ከጀርባው ትንሽ መብራት አለችው። የሆነ ነገር ነካካና ሲደወል መብራቷ ብልጭ ብልጭ እንድትል አደረገ። ግራጫው ከጀርባው መብራት የለውም። «ግን እጇን አታዪውም» አለ። «ይህ ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው ነው የሚያደበዝዝ፣ ቤት ውስጥ ሁሉ እንዲህ ነው።»

«ብርሃን ሲያገኝስ?»

«ምን ያህል ብርሃን?»

ሸጋዬ በመስታወቱ በር ወደ አስፋልቱ አመለከተች። ፀሐዩ ከጣሪያዎቹ በላይ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። ኤይታን ከሱቅ ማውጣት አይፈቀድም አለ። እሷ አልሄደችም። ጮክ ብላም አልተናገረችም፤ ጥቁሩን መደርደሪያው ላይ ሁለት እጇን አሳርፋበት ቆመች። በመጨረሻ የሱቁ ኃላፊ ይፋት ከጓዳ ወጣች፣ ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ኤይታን ነገራት። ይፋት ሸጋዬን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት፣ ያችን ጠባብ ካልሲ፣ ያላንቀላፋ ዓይኗን። «መታወቂያሽን እዚህ ተይ» አለች፣ «ከበሩ እንዳትርቁ።»

እግረኛ መንገዱ ላይ ኤይታን ጥቁሩን የአበባ ማስቀመጫው ጠርዝ ላይ አቆመው። ሸጋዬ ከጥላው ሥር ሆና ስልኳን በመዳፏ ጋርዳ ታያለች። እሱ ጀመረ። ጣቶቹ ታዩ። ሁሉም።

«ፈጠን በል» አለችው።

ፈጠነ። መንገደኛ እያየው ያልፋል፣ እሱ ጆሮው ቀልቷል፣ ግን አላቆመም። ትንሽ ይደበዝዛል፤ ግን ይነበባል፣ የደከመ ጽሕፈት እንደሚነበበው ይነበባል።

«ምን እያልኩ ነው?» አላት በመሀል።

«እናቴ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ ተኛች፣ እያልክ ነው።»

እጁ ባለበት ቆመ። ወደ ውስጥ ሲገቡ በሩን ያዘላት፣ «ጥቁሩን ነዋ» አለ። «ጥቁሩን» አለች። ከዚያ ሳትለምነው የሸጋዬን ፎቶ አንሥቶ ስክሪኑ መሀል ላይ ትልቅ አድርጎ አስቀመጠው፤ ያን የነካ በቀጥታ ወደ እሷ እንዲደውል። ሲያነሣት ፈገግ በይ ቢላት ሸጋዬ ጥፍሯን የፊት ጥርሷ ላይ አድርጋ ቀና አለች። ስሟን ነው ያሳየችው፣ ታንጉ ሌላ ስም አታውቅላትምና።

አያ ውበቱ ሻንጣቸውን አልጋ ላይ ከፍተው እየጠበቋት ነበር። እሷ ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም በትዕግሥት ሦስት ጊዜ ሰሙ። «ደጅ ይሁን፣ ቤት ውስጥ አይሆንም። ከነጩ ግድግዳ ጋር ያስቀምጧት፣ ፊቷ ወደ ፀሐይ። ታብሌቱን ያቁሙላት እንጂ አይያዙላት። ፎቶውን እንድትነካ ያሳዩዋትና ይራቁ።» «አይዞሽ» አሉ አያ ውበቱ፣ ታብሌቱን በሹራብ ጠቅልለው ከሸሚዞቻቸው መሀል እያስቀመጡ። «እኔም እኮ እናትሽን አውቃት ነበር።»

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አያ ውበቱ ደረስሁ አሉ። ሲም ካርዱ ያለ መታወቂያ አይወጣም ተባለ፣ የታንጉ መታወቂያ ጊዜው አልፏል ተባለ፣ አያ ውበቱ በስማቸው አወጣለሁ አሉ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ነገ ተባለ። ሸጋዬ ትሠራለች፣ ትመለሳለች፣ ትሪሱን ታወርዳለች፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ታስቀምጣለች። እናቷ ልትሞት ስትል ማን ነበር አጠገቧ? ታንጉ። ምን አለች? ታንጉ ታውቃለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው በአንዲት ሴት ሁለት እጅ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። ካሜራው ባይሆንስ? ብትረሳኝስ? ብትቆጣኝስ፣ ሄደሽ ቀረሽ ብትለኝስ? ትበለኝ፣ አለች። የምትለውን ልስማ እንጂ የፈለገችውን ትበለኝ።

ስልኩ የጠራው ረፋድ ላይ ነው። ሸጋዬ ተነሥታ ትሪሱን በአንድ ጊዜ ሳበችው፣ ክፍሉ በብርሃን ተጥለቀለቀ፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ታንጉ ናት። ብቻዋን። ጸጉሯ ነጭቷል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ከጀርባዋ ነጩ ግድግዳ አለ። ወደ ስክሪኑ በጣም ቀርባ ዓይኗን አጥብባ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች፣ ጥፍሯን የፊት ጥርሷ ላይ አደረገች።

ሸጋዬም አደረገች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ «ንገሪኝ» አለች።

ታንጉ ማልቀስ አልጀመረችም። ለረጅም ጊዜ ስትለማመደው የቆየች ይመስል በቀስታ፣ በግልጽ ተናገረች። «እናት በሌሊት ነቃች። ውሃ አለች። ሰጠኋት። ትንሽ ጠጣች። መብራት የለም፣ ጨለማ ነው። እጄን ያዘች። መዳፌ ላይ ተናገረች።» እዚህ ላይ የራሷን መዳፍ ዘርግታ በሌላው እጇ ጣቶች እናቷ እንዴት እንደተናገረች አሳየች። «እሞታለሁ፣ አለች። አትፍሪ፣ አለች። ሰው አትጥሪ። አጠገቤ ተኚ።» ከዚያ ክርኗን በመዳፏ ወደ ላይ ጠረገች።

ሸጋዬ ይህን ቃል አታውቀውም። «ምን?» አለች። ታንጉ ደገመችው። ሸጋዬ ራሷን ነቀነቀች። ታንጉ ትንሽ ፈገግ አለች፣ ታላቅ እህቷን ልታስተምር መሆኗ ነው፤ ወደ ፀሐዩ ጠቆመች፣ በእጇ ከአጥሩ ሥር ዝቅ አደረገችው፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ አወጣችው። ንጋት። ሸጋዬ የምታውቀው ንጋት የአውራ ዶሮ ኩክኒ ነበር፣ እጅን እንደ ጉትዬው ግንባር ላይ ማቆም። ታንጉና እናቷ ከገጠር ወጥተው ከተማ ከገቡ ወዲህ፣ ዶሮ በሌለበት ግቢ፣ ቃሉን ለውጠውታል። አርባ ዓመት ሙሉ ያለ እሷ ሲያወሩ ኖረዋል። ስንት ሌላ ቃል ይኖር ይሆን? ትማራለች። ሁሉንም ትማራለች።

«እስኪነጋ አጠገቤ ተኚ፣ አለች» አለች ታንጉ። «ተኛሁ። ትንፋሿ ሲያልቅ ጀርባዋ በእጄ ላይ ነበር፣ አወቅሁ። አልተነሣሁም። ሲነጋ ሰዎች መጡ፣ ጎተቱኝ። ይህች አታውቅም ይላሉ፣ ፊታቸውን አያለሁ። አውቃለሁ። አውቄ ነው የተኛሁት። እናት ናት ያለችኝ።» ደረቷን መታች፤ አጋረደች በስልክ የነገረቻት ያ መምታት ይኸው ነበር፣ እኔ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። «ንገሪያቸው» አለች ታንጉ። «ንገሪያት። በአፍ።»

እና ወደ ጎን ሄዳ አጋረደችን ይዛ መጣች፣ ልብሷን ሳትጎትት፣ እጇን ይዛ። አጋረደች ከእጇ የሳሙና አረፋ እየጠረገች ስክሪኑ ፊት ቆመች።

«አጋረደች» አለች ሸጋዬ ጮክ ብላ፣ «እህቴ የምትልሽን ልንገርሽ። ቃሉ የእሷ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ውሃውን፣ ጨለማውን፣ መዳፉን፣ እስኪነጋ ያለችውን። ታንጉ መሀላቸው ቆማ የሸጋዬን አፍና የአጋረደችን ፊት እያፈራረቀች ታያለች። ድምፁ መድረሱን በአጋረደች ፊት ላይ አየችው።

አጋረደች ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አምስት ወር ሙሉ» አለች፣ «አምስት ወር ሙሉ ይህንን ነው የምትለኝ?»

«ይህንን ነው።»

«ሸጋዬ፣ በእሷ እጅ ይቅር በይኝ እንዴት ነው የሚባል?»

ሸጋዬ አሳየቻት፤ ሁለቱን አንጓ አጣምሮ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ወደ ጉልበት ማውረድ። አጋረደች ተነሣች፣ ወደ ታንጉ ዞረች፣ እጆቿን አጣመረችና አወረደች። መዳፎቿ ግን ወደ ታች ነበሩ። ታንጉ ቀረበቻት። እርጥብ እጆቿን በሁለት እጇ ያዘች፣ መዳፎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ገለበጠችላት፣ ከዚያ ደግሞ አድርጊው ብላ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።